የክረምቱ ዑድ

እሑድ፣ ሰኔ 20 ቀን 1957 ዓ.ም.

ለማንም የማልነግረው ነገር በዛብኝና ይህን ደብተር ገዛሁ። አባቴ ደብተራ ነበርና ከወንድሞቼ እኩል ፊደል አስቆጥሮኛል፤ ነፍሱን ይማረው፣ ዛሬ ጠቀመኝ። ዝናቡ ከቅዳሴ መልስ ጀምሮ ቆርቆሮውን እየደበደበው ነው።

የባሌ የሀብቴ እግር አልዳነም። በፋሲካ ሰሞን ከስፌት መኪናው ሥር የወደቀ መርፌ የግራ እግሩን አውራ ጣት ወጋው። ልብስ ሰፊ ሆኖ በመርፌ ያልተወጋ የለምና እኔም እሱም ከቁም ነገር አልቆጠርነውም። ስኳር በሽታ እንዳለበት እናውቃለን፤ ስኳር ያለበት ሰው ቁስሉ እንደማይሽር ግን ማን ነገረን? ጣቱ መጀመሪያ ቀላ፣ ከዚያ ጠቆረ፣ አሁን ደግሞ ሸተተ። ይኸው ጻፍኩት።

ሀብተ ወልድ ማለት የሸሚዙ አንገት ላይ እድፍ ታይቶ የማያውቅ ሰው ነው። በዚህ ተራ ካሉት ሰፊዎች ሁሉ እጁን ታጥቦ ጨርቅ የሚነካ እሱ ነው። ትናንት ካፖርት ሊያስጠብብ የመጣ ደንበኛ ገና ከደፉ ሲገባ ጋቢውን አፍንጫው ላይ ጣል አደረገ፤ ነገ እመለሳለሁ ብሎ ካፖርቱን ይዞ ሄደ። ሀብቴ አየው። ማታ እህል አልቀመሰም። «ይሄ ሽታ እስከ ሳምንት ካልለቀቀኝ ሆስፒታል እሄዳለሁ» አለኝ። የረጠበው ሱፍ ነው የሚሸተው አልኩት። ውሸቴን ነው።

ነሐሴ ሃያ አራት የተክለ ሃይማኖት ማኅበር ተራው የኛ ነው። ዓመት ሙሉ የጠበቀው ቀን ነው። ሰው ቤታችን ገብቶ አፍንጫውን ከሚሸፍን እኔ ብሞት ይሻለኛል።


ሰኔ 25

ሁሪያ መጣች። ከጎናችን ባለው ሱቅ ከባሏ ከጠሀ ጋር ዑድ፣ ሰንደልና ቅርንፉድ የምትሸጠው የወሎዋ ሁሪያ። ከሩቅ ዘመድ የቅርብ ጎረቤት የሚባለው ለእሷ ነው። አፍንጫዋን አልነካችም፣ ወደ እግሩም አላየችም። ሻይዋን ጠጣች፣ ከሀብቴ ጋር ስለ ዝናቡ ተጫወተች፤ ስትወጣ እኔን በእጄ ይዛ ወደ ሱቋ ጓዳ አስገባችኝ። እዚያ አለቀስኩ። እስኪወጣልኝ ጠበቀችኝ።

ከዚያ ጣት የምታህል ብልቃጥ ከላይኛው መደርደሪያ አወረደች። የዑድ ቅባት ነው። ዑዱን ቤት ውስጥ እንዳላጨሰው ጭስ የሀብቴን ደረት ያፍነዋል። እንግዲያውስ እግሩን ልቀባው ብላት ራሷን ነቀነቀች። «እሱን ከቀባሽው ለምን እንደቀባሽው ያውቃል። አንቺ ተቀቢው። ሴት ልጅ ሽቶ ብትቀባ ማን ምን ይላል?» አለችኝ።

ቡሹን ስትነቅለው ጉሮሮዬን ያዘኝ። መጀመሪያ እንደ ቁንዶ በርበሬ ያቃጥላል። ቆየት ሲል ዝናብ የመታው እንጨት ይሆናል፤ ከዚያ ደግሞ የቤተ ክርስቲያን አሮጌ ሣጥን ሲከፈት የሚወጣው ዓይነት። በሁለቱም እጄ አንጓ፣ ከጆሮዬ ሥር፣ በነጠላዬ ጥለት ላይ አስነካችልኝ። አንድ ጠብታ ይበቃሻል አለች፤ ዑድ ትዕቢተኛ ነው፣ ከበዛ ሌላውን አያስቀምጥም። ልክፈል ብላት ተቆጣችኝ።

ወደ ቤት ስገባ ሀብቴ ቀና ብሎ አየኝ። «ማነሽ አንቺ?» አለ። እግዜር ይስጣት ሁሪያን።


ሐምሌ 5፣ ጴጥሮስ ወጳውሎስ

ጾም ተፈታ። ሀብቴ ወጡን ጠርጎ በላ። ከሰኔ ወዲህ እንዲህ ሲበላ አላየሁትም። «ወሰን፣ ሽታው እኮ ለቀቀኝ። ከአንቺ በቀር የሚሸተኝ የለም» ብሎ ሳቀ። ሆስፒታሉም ቀረ፤ እየዳንኩ ምን ላደርግ እሄዳለሁ አለ። ተመስገን አንተ አምላክ። ሳቁን መልሰህልኛል፣ ሌላ ምን እጠይቅሃለሁ?

አንድ ነገር ደግሞ ለደብተሩ ብቻ። በትዳር በኖርኩበት ዘመን ሁሉ ከቅቤና ከአደስ ሌላ ተቀብቼ አላውቅም። አሁን ሥራ ስፈታ እጄን አነሳና አሸታለሁ። ለሱ ብዬ ነው የምቀባው። ቢሆንም አሸታለሁ።


ሐምሌ 12

በችኮላ። ድሬሰር አሸብር ፋሻ ሊቀይር መጥቶ ነበር። ሀብቴ ኮራ ብሎ እግሩን ዘረጋለት፤ ይኸው፣ ሽታ የለው፣ ምን የለው፣ እየደረቀ ነው አለው። አሸብር እግሩን አየ፣ እኔን አየ። በር ላይ ስሸኘው፣ እትዬ ወሰንየለሽ፣ ጣቱ ብቻ አይደለም፣ ሆስፒታል ይሂድ፣ በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል አለኝ።

ሀብቴ ምን ደበቀ? ዘርግቶ አሳየው እኮ። ሰው መውቀስ ይወዳል።

ሁለት ጠብታ አደረግሁት። ዝናቡ ሽታ ያከብዳል።


ሐምሌ 19

ቦኖው ጋ ውሃ ልቀዳ ወረፋ ይዤ ነበር። ከፊቴ ያሉት ሴቶች ጃንጥላቸውን ዝቅ አድርገው ይዘው አላዩኝም። ባሏ እግሩን ታሞ ተኝቶ እሷ ሽቶ ተርከፍክፋ ትዞራለች አለች አንዷ። ሌላዋ ደግሞ የምን ሽቶ፣ የእስላም ዑድ እኮ ነው፣ ማን እንደሚገዛላት እሱ ይወቀው አለች። ከሌሎቹ ሁሉ የቆረጠኝ እቴቴ መሃላቸው መሆኗ ነው። የማኅበራችን ታላቅ ናት፤ ሠርጌ ላይ የዘፈነች ሴት ናት። ዞር ብላ አየችኝ፣ አላፈረችም።

«ወሰንየለሽ፣ ባልሽ ተኝቶ አንቺ ለማን ነው የምትሸችው?»

«ለራሴ» አልኩ።

ከአፌ ካመለጠኝ በኋላ ደነገጥኩ። ባልዲዬን ሳልሞላ ተመለስኩ። ምን ልበላት ታዲያ? የባሌን እግር ልሸፍን ነው ልበላት? እስከ አብነት፣ እስከ አውቶቡስ ተራ ያልሰማ አይቀርም ነበር። የኔን ስም ይውሰዱት። የሱን አልሰጣቸውም።


ሐምሌ 24

ሀብቴ መሄድ አልቻለምና የማኅበሩን ጽዋ ከባለተራው ቤት እኔ ተቀብዬ አመጣሁ። የሰጠችኝ እቴቴ ናት፤ ስትሰጠኝ ፊቷን አዙራ ነው። ቀና ብዬ ተቀበልኩ። ሀብቴ ጽዋውን ሲያይ እንባው መጣ። ከቀይ ከፈይ መሸፈኛ ልስፋለት አለ። መኪናውን መርገጥ ስለተወ በእጁ ነው የሚሰፋው። ምነው አትረግጥም ብዬ አልጠየቅኩትም።


ነሐሴ 1

ፍልሰታ ገባች። የንስሐ አባታችን ጠበል ሊረጩልን መጡ። ሲወጡ በዝግታ፣ ልጄ፣ በእመቤታችን ጾም ሽቶ ይቅርብሽ፣ ሰው ይሰናከልብሻል አሉኝ። እሺ አባቴ አልኩ። እሳቸው ከመታጠፊያው ሳይደርሱ ሦስት ጠብታ ተቀባሁ። እሺ ብዬ ዋሸሁ፣ ዋሽቼም ተቀባሁ። እመቤቴ እሷ ሴት ናት፣ ይገባታል።

ዛሬ ሀብቴ ብርድ ብርድ አለው። የክረምት ነው።


ነሐሴ 6

ሀብቴ ከተኛ በኋላ ነው የምጽፈው።

ጠሀ ሊጠይቀው መጣ። እኔ ከመጋረጃው ጀርባ ብልቃጡን ከፍቼ ልቀባ ነበር። ጠሀ ሆስፒታል እንዲሄድ ለመነው፤ እኔ ራሴ አደርስሃለሁ አለው። ሀብቴ ሳቀና እንዲህ አለ፦

«ጠሀ፣ የኔ ሐኪም አፍንጫዬ ነው። እግሬ ቢበሰብስ አይሸተኝም? በሰኔ ሸተተኝ፣ ልሄድ ቆርጬ ነበር፤ በሳምንቱ ተወኝ። ጻድቁ ማሩኝ።»

ጠሀ ዞር ብሎ ወደ መጋረጃው አየ። ብልቃጡ ከማን ሱቅ እንደወጣ ያውቃላ።

እኔ እዚያው መሬት ላይ ቁጭ አልኩ። ልሄድ ቆርጬ ነበር አለ። ያስቀረሁት እኔ ነኝ። ያ አሸብር በሽታውን የደበቀ ያለው ሀብቴን አልነበረም፤ እያየ የነበረው እኔን ነው። የክብሩ ጠባቂ ነኝ ብዬ ስኩራራ በነፍሱ ላይ ክዳን ገጠምኩበት። ሞኝ! የሞኝ ሞኝ!

አልተቀባሁም። ግን ቤቱ ሁሉ፣ አልጋው ሁሉ፣ እኔ ሁለመናዬ ዑድ ሆኛለሁ።


ነሐሴ 7

ለሁሪያ ነገርኳት። ጥፋቱ የኔ ነው ብላ አለቀሰች። የለም የኔ ነው አልኳት። የኔ ነው፣ የኔ ነው ስንባባል ልንጣላ ምንም አልቀረንም። ከዚያ እጅጌዋን ሰበሰበችና ውሃ አሞቀች። በሳሙና፣ በሎሚ፣ በአመድ አሸችኝ። ዑድ ግን ውሃ አይፈራም፤ ቆዳዬ ቢለቀው ልብሴ አይለቅም። የራሷን ቀሚስ አመጣችልኝ፤ አንገቴን ሳስገባ ከኔው የባሰ ይሸታል። እዚያ እንባችን ላይ ሳቃችን መጣ።

ከኛ ሱቅ አቡጀዲ ቀድጄ በሷ ጓዳ በእጄ ሻካራ ቀሚስ ሰፍቼ ለበስኩ። የአልጋውን ልብስ እሷ ወስዳ ነከረችው። ለሀብቴ የፍልሰታ ጽዳት ነው ብለነዋል።


ነሐሴ 8

ከፈዩን እየሰፋ ነበር። አቡጀዲዬን ለብሼ አጠገቡ ተቀመጥኩ።

ትንሽ ቆይቶ መርፌው ቆመ። ወደ በሩ አየ፣ ጎንበስ ብሎ አልጋ ሥር አየ። አይጥ ሞቷል እንዴ አለኝ። እጄን ይዞ ወደ አፍንጫው አስጠጋው፤ ቀጥሎ አንገቴን።

«ዑድሽስ?»

«ታጠብኩት።»

ብርድ ልብሱን ከእግሩ ላይ ቀስ አድርጎ ገለጠ። ወዲያው መልሶ ሸፈነው። ፊቱ አመድ መሰለ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?»

«ከሰኔ።»

«አንቺ እዚህ፣ እኔ አጠገብ ነበር የምትተኚው?»

«የት ልተኛ ታዲያ?»

ጋቢውን ፊቱ ላይ ሳበው። ቀኑን ሙሉ አልገለጠውም። የተጣላኝ መሰለኝ። ይጣላኝ፣ ብቻ ይዳንልኝ። መሽቶ መብራቱን ላጠፋ ስል በጋቢው ውስጥ እጁ ወጥቶ የቀሚሴን ጫፍ ያዘ። ይዞት ተኛ።


ነሐሴ 9

ጠዋት መጀመሪያ የተናገረው፣ «ይቆርጡታል። ቆርጠውት በምን ልረግጥ? ልብስ ሰፊ እኮ ነኝ» ነው።

መምከር አልችልበትም፤ ሄጄ መኪናው ላይ ተቀመጥኩ። ግራ እግሬን አጥፌ ወንበሩ ሥር አስገባሁና በቀኜ ብቻ ረገጥኩ። መሽከርከሪያው ወደ ኋላ ዞረና ክሩን በጠሰው። እንደገና ክር አስገባሁ፤ አሁንም በጠሰው። ሀብቴ ከአልጋው ሆኖ በእጅሽ አስጀምሪው እንጂ ብሎ ተቆጣ። መሽከርከሪያውን በእጄ አስጀመርኩት፤ ከዚያ በአንድ እግሬ ሄደልኝ። የትራስ ልብስ ከዳር እስከ ዳር ሰፍቼ ሰጠሁት። መነጽሩን አደረገና ስፌቱን ተከትሎ አየው።

ጠማማ ነው አለ። እግሬ አይደለም፣ የጠመመው እጄ ነው፤ አንተ ቀጥ አድርገህ ትሰፋዋለህ አልኩት። የትራሱን ልብስ አጥፎ ጭኑ ላይ አስቀመጠ።

«ማኅበሩስ?»

«ጻድቁ ይጠብቁናል» አልኩት።

ጠሀን ጥሪው አለኝ።


ነሐሴ 10

ሆስፒታል። በጠሀ ሴይቼንቶ፣ በትንሿ መኪናው። ሁሪያ ከኋላ ደግፋው። አሸብር ቀድሞን ደርሶ አልጋ አስይዟል። ዶክተሩ ከጉልበት በታች ነው አለ፤ ብትዘገዩ ኖሮ ጉልበቱንም፣ እሱንም አለ። ብትዘገዩ አለ። እመቤቴ ሆይ፣ ዘግይቼ ነበር እኮ።

አሁን አስገቡት።


ነሐሴ 10፣ በኋላ

ወጣ። ነፍሱ አለች። ተመስገን፣ ተመስገን፣ ተመስገን።


ነሐሴ 16

ፍልሰታ ተፈታች። እቴቴ አጥሚት ይዛ ሆስፒታል መጣች። ለካ ትናንት ወሬ ልትጠይቅ ወደ ሁሪያ ሱቅ ሄዳ፣ ሁሪያ ሁሉንም ዘርግፋላታለች። አልጋው ጫፍ ላይ ቆማ ስታለቅስ ቆየች። «እኔን! ምላሴን ይቁረጠው!» አለች። ሀብቴ ዓይኑን ሳይገልጥ፣ እዚህ ቤት መቁረጥ ይብቃ እቴቴ፣ አንድ ከበቂ በላይ ነው አላት። ነርሷ ሳትቀር ሳቀች። እኔም ሳቅሁ፤ ለካ ሳቅ ቢቆይም አይረሳም።

እኔን አቅፋኝ ጆሮዬ ሥር ለምን አልነገርሽኝም አለችኝ። ብነግራት ኖሮ በሐምሌ ሆስፒታል ይገባ ነበር፤ ምናልባት ጣቱ ብቻ። ይህን ሀሳብ ስንት ጊዜ እንደማስበው እግዚአብሔር ያውቃል። ለሀብቴ ነገርኩት። ምናልባት አለ፣ ምናልባት ደግሞ አፍሬ ከዚያ በፊት በረሃብ እሞት ነበር። እኔም ተውኩት፤ ለመተው እየሞከርኩ ነው።


ነሐሴ 24

የማኅበሩ ቀን ሆስፒታል ዋልን። እቴቴ መጥታ ማኅበርተኛው ተነጋግሯል አለችን፤ ጽዋው እናንተው ቤት ይቆያል፣ መስከረም ሃያ አራት እንመጣለን፣ ሌላ ባለተራ አንፈልግም ብለዋል። ሀብቴ ወደ ግድግዳው ዞረ። ትከሻው ሲንቀጠቀጥ አየሁ፤ ነርሷ እንዳታይበት ፊት ለፊቱ ቆምኩ።


መስከረም 24 ቀን 1958 ዓ.ም.

እግሬ ቆሞ መዋሉን አሁን ስቀመጥ አወቅሁት። ከቤታችን ሰው ከወጣ ገና ምድጃው አልቀዘቀዘም። በደስታ ልጻፈው።

ጠዋት ቤቱን ጉዝጓዝ አልብሼ፣ ጠላው ቀርቦ፣ ሀብቴ አዲሱን ነጭ ሸሚዙን ለብሶ ምርኩዙን ይዞ ተቀመጠ። የሱሪውን ግራ እግር ራሱ ነው በመኪናው ያሳጠረው፤ በአንድ እግሩ ረግጦ። ስፌቱ እንደ ክር ቀጥ ያለ ነው፣ ሦስት ጊዜ አሳይቶኛል። ቁስሉ ሽሯል፤ ቤቱ የሚሸተው ጉዝጓዙን ብቻ ነው። «ዑዱ የት አለ?» አለኝ። ከነሐሴ ወዲህ ብልቃጡን ሣጥን ሥር ቀብሬው ነበር፤ ያንን ሽታ ባሸተትኩ ቁጥር ልቤ ይወጋኝ ነበር። ምን ሊያደርግልህ፣ ዛሬ የሚሸፈን የለም አልኩት።

«ለዚያ ነዋ» አለ። «ሲሸተኝ እኮ እየዳንኩ ነበር የሚመስለኝ። ውሸት ቢሆንም ደስ ይል ነበር። አሁን እውነት ሲሆን ይቅርብኝ?»

አንድ ጠብታ ተቀባሁ። አንድ ብቻ፣ ሁሪያ እንዳለችው።

ማኅበርተኛው ሞላ። ጠሀና ሁሪያ የራሳቸው ማዕድ ተለይቶላቸው ከበሩ አጠገብ ነበሩ፤ እንግዳ አልተባሉም። ጽዋው ቀይ ከፈዩን ለብሶ ጻድቁ በአንድ እግራቸው ቆመው ከሚጸልዩበት ሥዕል ሥር ተቀምጧል። ለቀጣዩ ባለተራ ሊሰጥ ጸሎት ሲጀመር ሁሉም ተነሳ። የንስሐ አባታችን ሀብቴን፣ አንተ ተቀመጥ ልጄ፣ ይፈቀድልሃል አሉት። ሀብቴ ምርኩዙን ተመረኮዘና ብድግ አለ።

«አባቴ፣ ጻድቁ በአንድ እግራቸው ሰባት ዓመት ቆመዋል። እኔ አንድ አቡነ ዘበሰማያት ያቅተኛል?»

ማንም አልሳቀም። ሴቶቹ እልል አሉ። ጸሎቱ እስኪያልቅ ቆመ፤ ምርኩዙን የያዘ እጁ ሲንቀጠቀጥ ከጎኑ ሆኜ አየሁ፣ አልደገፍኩትም። ጽዋውን በገዛ እጁ ለባለተራው አስረከበ።

እቴቴ በመጨረሻ ወጣች። በር ላይ ልትስመኝ አንገቴ ላይ ስትጠጋ ቆም አለች፤ አሸተተች። ወረፋው ላይ ያለችው ትዝ እንዳላት ከዓይኗ አወቅሁ።

«ዛሬስ ለማን ነው የምትሸችው?» አለች እየሳቀች።

እኔ አፌን ሳልከፍት ሀብቴ ከውስጥ መለሰላት።

«ለኔ ነው!»

እቴቴ እየሳቀች ወረደች። ሁሪያ ሰሃኖቹን አብራኝ አጥባ ሄደች፤ አላህ ውለታዋን ይክፈላት፣ እኔ አልችልም። ሀብቴ አሁን ጋደም ብሏል። መብራቱን አጥፊው ይለኛል።

ለኔ ነው ያለው እውነቱን ነው። ለራሴም ነው ግን። እዚህ ልጽፈውና ልተኛ።